የቻምበርስ ሮድ ድልህ ስምና ቀን ይኑረው

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዴንቨር ውስጥ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው ሽታው አያመልጠውም። በመንገድ ዳር ድንኳኖችና በገበያ ፓርኪንጎች ላይ ከሽቦ የተሠራ በርሜል በጋዝ እሳት ፊት ይሽከረከራል፤ ውስጡ ያለው ቃሪያ እየተንጣጣ ይለበለባል፤ የተቃጠለው ልጥ እንደ ጥቁር ወረቀት ይበናል። ፌደራል ቡሌቫርድ በዚህ የታወቀ ነው። ወደ እኛ ወደ ኦሮራም ስትመጡ በሰሞኑ በርሜል የሚያቆም ሱቅ አይጠፋም። ወቅቱን ደግሞ ልብ በሉት፤ እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉበት ነው። አገር ቤት አደይ ሲፈነዳ እዚህ ቃሪያ ይፈነዳል።

በዚሁ ሰሞን ከሞንትቤሎ ጀምሮ ቻምበርስ ሮድን ይዞ ወደ ደቡብ እስከ ሃምፕደን ድረስ፣ በምናውቃቸው አፓርታማዎችና ቤቶች ውስጥ ሌላ ሥራ ይጀመራል። እናቶቻችንና እህቶቻችን የተለበለበውን ቃሪያ በከረጢት ይዘው ይገባሉ። ልጡ ይላጣል፣ ፍሬው ይራገፋል፣ ቲማቲሙም እዚያው ምድጃ ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይለበለባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጨው፣ ላገኘ ሰው ደግሞ ጤና አዳም ይጨመርና ብሌንደሩ ይጮሃል። ድልህ የሚሉት አሉ፣ ዳጣ የሚሉት አሉ፣ አረንጓዴ ከሆነ ቆጭቆጫ ነው የሚሉ አሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆች «ሐበሻ ሳልሳ» ይሉታል። በስሙ ከማንም ጋር አልጣላም። እኔ ድልህ እያልኩ እቀጥላለሁ። በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል፤ በጾም ወቅት ደግሞ ያለሱ ቁርስ አይታሰብም።

ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የትኛው ጠርሙስ? የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት፣ ወይራ የነበረበት፣ የድሮ ስሙ ክዳኑ ላይ እንደተለጠፈ። አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለክርስትና እናት፣ ሁለቱ በሻንጣ ዲሲ ለምትኖር እህት። የተረፈው ይሸጣል። በስልክ ይታዘዛል፣ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ከመኪና ኋላ ይወጣል፤ አልፎ አልፎም ሐበሻ ሱቅ ፍሪጅ ጥግ ላይ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። «እትዬ፣ መቼ የተሠራ ነው?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ትናንት ነው ልጄ!»

የምለው አጭር ነው። ይህ ድልህ ይሠራ፣ ይስፋ፣ ይሸጥም፤ ሠሪዎቹም ገንዘብ ያግኙበት። ነገር ግን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራና ምን እንደገባበት የማይታወቅ ጠርሙስ በገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ መቆም አለበት። ምክንያቴን ከቃሪያው ልጀምር፤ ብዙ ሰው እዚህ የሚሸጠውን «የፈረንጅ ቃሪያ» እያለ ስለሚንቀው።

ኮሎራዶ ውስጥ ስለ ቃሪያ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ከኒው ሜክሲኮ ከሃች ሸለቆ የሚመጣውን ይላል፣ ሌላው ከዴንቨር በስተደቡብ ወደ 110 ማይል ርቃ ካለችው ከፑኤብሎ የሚመጣውን። እንደ ቀልድ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኮሎራዶው ገዢ ጃሬድ ፖሊስ የፑኤብሎ ቃሪያ በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት መደብሮች ሊሸጥ ነው ብለው የጎረቤት ስቴቱን ቃሪያ ነካ ሲያደርጉ፣ የኒው ሜክሲኮዋ ገዢ ሚሼል ሉሃን ግሪሻም በአደባባይ መልስ ሰጥተዋቸዋል። ሁለት ገዢዎች በቃሪያ! እኛ ስለ ማረቆና ስለ አላባ በርበሬ ስንከራከር የሚስቁብን ልጆች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነበር።

የፑኤብሎው ቃሪያ ሚራሶል ከሚባለው ወገን ነው፤ በስፓኒሽ «ፀሐይን የሚያይ» እንደማለት ነው፣ ፍሬው ወደ ታች ከመንጠልጠል ይልቅ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም። ሥጋው ወፍራም ነው፣ እሳት ይችላል። ከእነዚህ መካከል ሞስኮ የሚባለው ዝርያ አመጣጥ ደስ ይለኛል። ማይክል ባርቶሎ የተባለ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ፑኤብሎ ውስጥ ገበሬ የነበረው አጎቱ ሃሪ ሞስኮ ሲሞት ከተወው ዘር ወስዶ ዘራ። ከበቀለው መካከል ለየት ብሎ ወፍራም ፍሬ የሰጠውን መርጦ ለዓመታት አራባው፤ በአጎቱም ስም ሰየመው። እንግዲህ በአንድ ሰው ጓዳ ተረስቶ ሊቀር ይችል የነበረ ዘር ዛሬ ስም ይዞ በገበያ ይጠራል። ስም የያዘው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መዝግቦ ስለያዘው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

«የፈረንጅ ቃሪያ» ለሚሉት ደግሞ፦ ቃሪያም ሆነ ቲማቲም የዘር አገራቸው ይሄው አህጉር ነው። ከአውሮፓውያን የባሕር ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ውጭ በርበሬ የሚባል ተክል አልነበረም፤ እኛ ጋ የደረሰው ከ1500ዎቹ ወዲህ ነው። ቲማቲም ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ መጣ፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን «ኮሚደረ» የሚሉት ከጣልያንኛው ፖሞዶሮ ነው። ስለዚህ በርበሬው ባሕር ተሻግሮ ኢትዮጵያዊ ሆነ፣ እኛ ደግሞ ባሕር ተሻግረን እሱ ከተነሳበት መጣን። ከዚህ በላይ የሚስማማ ነገር የለም። ከአገር ቤት በአውሮፕላን የሚመጣ በርበሬ አልጠላም፣ ዶሮ ወጥ ያለሱ አይሆንም። እሸት ለሚፈልግ ድልህ ግን በወቅቱ እዚሁ ትኩሱ እያለ ሌላ ፍለጋ መዞር አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አገር ቤት ድልህ የሚባለው በእሳት አይለበለብም። እሸት ቀይ በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከብዙ ጨው ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል ወይም በድንጋይ ይፈጫል። ከዚያ ተሸፍኖ ይሰነብታል፣ ፀሐይ ያየዋል። የሰነበተ ድልህ ኮምጠጥ ይላል። ኩምጥጥናው ደግሞ እንዲሁ የመጣ ጣዕም ብቻ አይደለም። እነ ሞገሴ አሸናፊን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ማይክሮባዮሎጂስቶች አዋዜንና ዳጣን ላቦራቶሪ አስገብተው አጥንተዋቸዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ላክቲክ አሲድ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ነው፣ እርጎን የሚያረጋው ዓይነት። አሲዱ ሲጨምር ጎጂው ተህዋስ ቦታ ያጣል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ቃል ሳያውቁ ጨውን አብዝተው፣ ጊዜ ሰጥተው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተው ጥበቃውን ከምግቡ ጋር አብረው ይሠሩት ነበር።

እዚህ ምን አደረግን? በመጀመሪያ ቃሪያውን ለበለብነው። ጣዕሙ በጣም አምሯል፣ ይህን የሚክድ አፉ የሞተ ነው። የባልካን ሰዎች አይቫር የሚሉትን፣ የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ማትቡኻ የሚሉትን የቀመሰ ሰው፣ የተለበለበ ቃሪያና የተለበለበ ቲማቲም ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ነገር ግን በእሳት ያለፈ አትክልት ላዩ ላይ የነበረው የሚያብላላው ሕይወት አብሮት ተቃጥሏል፤ እንደ እሸቱ በራሱ አይኮመጥጥም። ቀጥለን «ደም ብዛት አለብኝ» እያልን ጨውን ቀነስን። ፀሐይ ላይ ማስጣቱን አፓርታማው አይፈቅድም፣ ጊዜም የለንም፣ ለማታ ፈረቃ መሄድ አለ። መጨረሻ ላይ «እንዳይበላሽ» ብለን ላዩን በዘይት ሸፈንነው። አንድ በአንድ ሲታይ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት አለው። ሲደመር ግን የድሮውን ጥበቃ በሙሉ አውልቀን ጥለን፣ በቦታው ምንም አላስገባንም።

ዘይቱ በተለይ ያሳስበኛል። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ አፈር ውስጥ ይኖራል። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ነው የሚወጣው፤ ቃሪያም ከአፈር ሩቅ አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ሲቸግረው ራሱን እንደ ዘር አጠንክሮ ይተኛል፤ ዘሩ በሚፈላ ውሃ አይሞትም። እርጥብ፣ አየር የሌለበት፣ አሲዱ አነስተኛ የሆነና ቀዝቃዛ ያልሆነ ቦታ ሲያገኝ ይነቃና መርዝ ይሠራል። አሁን የእኛን ጠርሙስ ተመልከቱ፦ እርጥብ ነው፣ ዘይቱ አየር ዘግቶለታል፣ ያልኮመጠጠ ቃሪያና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ መደርደሪያ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ይውላል። አውቀን ብናዘጋጅለት ከዚህ የተሻለ ቤት አንሠራለትም።

መርዙ ነርቭ ነው የሚይዘው። ዓይን ይደበዝዛል ወይም ሁለት ሁለት ያያል፣ ሽፋሽፍት ይወርዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ከዚያ መተንፈስ ያቅታል። ክፋቱ ምግቡ ላይሸት፣ መልኩም ላይለወጥ ይችላል። «ቀምሼው ነበር፣ ደህና ነው» የሚለው ማረጋገጫ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ለመታመም ትንሹ ቅምሻ ይበቃል።

«ሰው በቃሪያ ታምሞ ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ያውቃል። በ1977 ሚሺጋን ስቴት ፖንቲያክ ከተማ ውስጥ በአንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች በቦቱሊዝም ታመሙ። ምክንያቱ ሲመረመር በአግባቡ ሳይዘጋጅ በጠርሙስ የታሸገ ሃላፔንዮ ቃሪያ፣ ከዚያም የተሠራ ማጣፈጫ ሆኖ ተገኘ። ያዘጋጀው ሰው ሌላውን ለመጉዳት ያሰበ አልነበረም፤ እንደኛው ለሰው የሚጥም ነገር ለማቅረብ ነበር።

ከፍታውም አለ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ኦሮራ እንዲያውም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለምትል በ92 አካባቢ ይፈላል፤ ሽንብራ ለመቀቀል ግማሽ ቀን የሚፈጀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከዩቲዩብ ላይ «ጠርሙሱን ለ15 ደቂቃ አፍሉት» የሚል ትምህርት አይቶ የሚሠራ ሰው፣ ያ ትምህርት ምናልባት ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ላለ ሰው የተሰጠ መሆኑን ይወቅ። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ለዚህ ለእኛ ከፍታ የተዘጋጀ መመሪያ አለው፣ በነጻ ይነበባል።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የምግብ አሲድ የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ድንበሩ 4.6 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ያ ባክቴሪያ መርዝ መሥራት አይችልም። ቃሪያ ከድንበሩ በላይ ነው። ቲማቲም ድንበሩ ላይ ይዋልላል፤ አንዳንዱ በታች አንዳንዱ በላይ። ለዚህም ነው የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ቲማቲም ብቻውን እንኳ ሲታሸግ በየአንድ ኳርት ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበት የሚለው። ቃሪያ ሲደባለቅበት ደግሞ የቲማቲሙ ኩምጥጥና ለሁለቱ አይበቃም። ፒኤች መለኪያ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ይህን ሁሉ አልፈልግም ለሚል ሰው ደግሞ ፍሪዘር አለ። የቀዘቀዘ ድልህ አሲዱ ምንም ይሁን ምን መርዝ አያበቅልም። በትንንሽ ከረጢት አድርጎ አቀዝቅዞ፣ ለሳምንቱ የሚበላውን ብቻ ማውጣት ነው። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ያለበት ነገር ግን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይመከራል።

ለራስ ቤት ይህ ይበቃል። ለሽያጭ ሲሆን ግን ሕግ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ወገኖቻችን ጆሯቸውን የሚደፍኑት። «ሕግ» ሲባል መከልከል ብቻ ይመስለናል። ኮሎራዶ በ2012 ያወጣችው የቤት ውስጥ ምግብ ሕግ ግን ከኛ ጋር ሊሄድ የሚችል ነው። ሰው በራሱ ኩሽና ያዘጋጀውን የተወሰነ ዓይነት ምግብ ያለ ላይሰንስ ለተጠቃሚው በቀጥታ መሸጥ ይችላል። ቅመም ይፈቀዳል። የደረቀ አትክልት ይፈቀዳል። ዱቄት ይፈቀዳል። ሲተረጎም በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ ማለት አይደለም እንዴ? ከአንዱ የምርት ዓይነት በዓመት እስከ 10,000 ዶላር የተጣራ ገቢ ማግኘት ይቻላል። የሚጠየቀው የምግብ ደኅንነት ትምህርት መውሰድና ጠርሙሱ ወይም ከረጢቱ ላይ መለያ መለጠፍ ነው፦ የምርቱ ስም፣ የሠሪው ስምና አድራሻ፣ የተሠራበት ቀን፣ ምን ምን እንደገባበት፣ ከዚያም በመንግሥት በማይመረመር የቤት ኩሽና የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ።

እርጥቡ ድልህ ግን ከደረቁ በርበሬ ጋር አንድ አይደለም፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። ሕጉ በቤት ኩሽና የሚፈቅደው ፍሪጅ የማያስፈልገውን ነው። ለእርጥቡ በፈቃድ በሚሠራ ኩሽና መሥራት፣ ፒኤቹን ማስለካት፣ ለገበያ በጠርሙስ ለሚታሸገው ደግሞ ለዚያ የተዘጋጀውን ሥልጠና መውሰድ ይመጣል። መጀመሪያ የሚመለከተውን የጤና መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ቻምበርስ ሮድ የራሱ ጉድ አለው፤ አንዱ መንገድ ሦስት ካውንቲ ይነካል። ሞንትቤሎ ያለ ሰው ዴንቨር ነው፣ አይ 70ን ተሻግሮ ያለው አዳምስ ነው፣ ኮልፋክስን አልፎ ወደ ደቡብ የሚኖረው አራፓሆ። ድሮ አዳምስንና አራፓሆን ትራይ ካውንቲ የሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ይይዛቸው ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ፈርሶ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ከፍተዋል። «ጓደኛዬ እንዲህ ተባለች» ብሎ መሥራት ስለዚህ አያዋጣም። የጓደኛሽ አድራሻ ከመንገዱ ማዶ ሊሆን ይችላል።

አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቆጣኝ። «ከአራት ልጆች ጋር የምትንገላታ እናት በሳምንት መጨረሻ የምታገኛትን ጥቂት ገንዘብ ልታስከለክላት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይህችን ሴት አውቃታለሁ፤ ሁላችንም እናውቃታለን። በቀን አረጋውያንን ትንከባከባለች ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች፣ ሌሊት ቃሪያ ትልጣለች። ነገር ግን አሁን ባለው መንገድ ያለ ጥበቃ የቀረችው እሷ ናት። አንድ ሰው ቢታመም፣ እውነት ከድልሁም ይሁን ከሌላ፣ የሷ ስም ነው የሚነሳው። ቀን ስላልጻፈች «የኔ አይደለም፣ የዛሬ ሦስት ወር የሸጥኩት ነው» ብላ እንኳ መከላከል አትችልም። ዋጋዋንም ከፍ ማድረግ አትችልም፤ ስም የሌለው ዕቃ ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። ያቺ ሴት መለያ ብትለጥፍ የምታጣው አንድ ቅዳሜ ለሥልጠና ነው።

የኦቾሎኒ ቅቤውን ጠርሙስ ነገርም እንዲሁ እንዳናልፈው። እዚህ አገር ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ልጆች በየትምህርት ቤቱ አሉ፣ ከኛም ልጆች መካከል አሉ። በደንብ ያልታጠበ ክዳን ውስጥ የቀረች ጥቂት ነገር ልጅን ሆስፒታል ታስገባለች። አዲስ ጠርሙስ በደርዘን ይሸጣል፤ በዚህ ላይ መቆጠብ የሚገባ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የምወቅሰው ግን የሱቅ ባለቤቶችን ነው። እናቶቹ ሕጉን ባያውቁ ይፈረድላቸዋል። ባለሱቁ ግን ላይሰንስ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል፣ የቤት ሥራ በሱቅ እንደማይሸጥ ያውቃል። ሆኖም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጠርሙሶቹ ከፍሪጁ ይሰወራሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። ገንዘብ ካለ እሱ ይካፈላል፣ ችግር ካለ ለሷ ይተዋል። በዚህ ፈንታ ሠሪዎቹን ሰብስቦ በፈቃድ የሚሠራ ኩሽና በሰዓት ቢከራይላቸው፣ በጋራ ቢያሠራቸውና በስማቸው ቢሸጥላቸው፣ ከማንም በፊት የሚያተርፈው ራሱ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ይህን ሠርተውታል። የቱኒዚያ ሰዎች ሃሪሳቸውን፣ የራሳቸውን የበርበሬ ድልህ ማለት ነው፣ በ2022 ዩኔስኮ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት አስመዝግበዋል። የሰርቢያ ሰዎች የሌስኮቫጽን አይቫር በቦታው ስም አስጠብቀዋል። እኛ ደግሞ በኦቾሎኒ ቅቤ ስም እንሸጣለን።

የምግባችንን ወግ ወረቀት ያጠፋዋል ብለው የሚፈሩም አሉ። የአገር ቤት በርበሬ ግን ድሮም ያለ ቁጥጥር አልነበረም፤ ቁጥጥሩ በዓይን ነበር። መርካቶ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዛላውን ይሰብራል፣ ፍሬውን ያያል፣ ያሸታል፤ የተፈጨ አይገዛም፣ ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅማ። ወፍጮ ቤትም ቆሞ ያስፈጫል። እዚህ ዛላው ፊታችን አይሰበርም፣ ወፍጮውም ፊታችን አይዞርም። ያንን ዓይን የሚተካው መለያው ነው።

መለያው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ትግርኛና ኦሮምኛም ቢጨመርበት ቦታ አይጠብም። የኮሌጅ ተማሪ የሆኑ ልጆች በአንድ ምሽት ይሠሩታል፣ ኮምፒውተሩም ጊዜውም እነሱ ጋ ነው። የእናታቸውንም ምጥን በዚያው ይጻፉት፤ ምን ያህል ቃሪያ፣ ምን ያህል ቲማቲም፣ ስንት ራስ ነጭ ሽንኩርት። «በዓይኔ ነው የምመጥነው» ከምትል እናት ላይ ቁጥር ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ፒኤች የሚለካውም የሚስተካከለውም ምጥኑ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ዛሬ ሦስት፣ ነገ አምስት ቲማቲም የሚገባበት ድልህ ዛሬ ተለክቶ ደህና ቢሆን ስለ ነገው ምንም አይናገርም። ባርቶሎም የአጎቱን ዘር እንዲሁ በጆንያ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ሞስኮ የሚባል ቃሪያ አይኖርም ነበር።

የአብያተ ክርስቲያናትና የማኅበራት ኮሚቴዎች፣ አዳራሻችሁ ሥር ኩሽና ያላችሁ፣ ኩሽናው ለሽያጭ ምግብ ማዘጋጃ ፈቃድ ያለው መሆኑን ካውንቲያችሁን ጠይቁ። ካለው ለሁለት ቅዳሜ በሩን ክፈቱ። ከሌለው ምን እንደሚጎድለው በጽሑፍ ተቀበሉና ለምእመናኑ አንብቡት፤ ለጣሪያ ያዋጣ ሕዝብ ለእጅ መታጠቢያ ገንዳ አያንስም። የኤክስቴንሽኑን ሠልጣኝ አስተማሪ ጋብዙ፣ አስተርጓሚ አቁሙ። በርሜሎቹ ውርጭ እስኪመጣ፣ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ይሽከረከራሉ።